ድምፄን አጥፉልኝ

ኢፌክቱ ከመርካቶ ወልቂጤ የገባው በኪቦርድ ተጫዋቻችን ጭን ላይ፣ በሕፃን ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። ሚኒባሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እንዳይጎዳበት መንገዱን ሙሉ አቅፎት እንደመጣ ነገረን። የጫማ ሳጥን የሚያህል ጠፍጣፋ ብረት ነበር። ከላይ በእግር የሚረገጡ ቁልፎች፣ ከኋላው ማይክ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው። የዘማሪው ድምፅ መጀመሪያ እዚያ ውስጥ ይገባና ኢኮ ተጨምሮበት፣ ቀጭኑ ወፍሮ፣ የሳተው ተቃንቶ፣ ከተፈለገም አንዱ ሦስት ሆኖ በስፒከር ይወጣል። የፋብሪካ ስሙን ማንም አልያዘውም። ኢፌክቱ ነበር የምንለው።

ያኔ ወልቂጤ ውስጥ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላት አዳራሽ ነበረች። ዝናብ ሲጥል ከቆርቆሮው ጋር እየተፎካከርን ነበር የምንዘምረው። ድምፄ ወፍራም ነው፤ ከሥሩም ይሻክራል። በስልክ የማያውቁኝ ሰዎች «ወንድሜ» ይሉኛል። ቃል ስጨርስ ጉሮሮዬ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ነገር አለ። እሱን ከአክስቴ ነው የወሰድኩት። አክስቴ አገና አጠገብ ትኖር ነበር፤ እናቴ ለንግድ ስትዞር እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። በጉራጌ፣ በእዣ መንደሮች ለቅሶ ሲሆን ሙሾ እንድታወርድ ሰው የሚላክባት ሴት ነበረች።

ኢፌክቱን እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ኪቦርድ ተጫዋቹ ፎቶ ቤት እሄድና የመጋረጃው ጀርባ ተቀምጠን ቁልፎቹን አንድ በአንድ እንሞክር ነበር። እሱ ይጫናል፣ እኔ እዘምራለሁ። መሞከሪያው ድምፅ የእኔ ስለነበር ሁሉም ነገር የተስተካከለው በእኔ ልክ ነው።

መጀመሪያ ላይ አናደደኝ። ሁለተኛ ድምፅ የሚጨምረውን ክፍል ከፍተን በትዝታ ቅኝት ስዘምር፣ ማሽኑ የሚጨምርልኝ ድምፅ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ሆነ። የማላውቃት ሴት ጎኔ ቆማ ሌላ መዝሙር የምትዘምር ይመስላል። ድምፅ ማቃኛው ደግሞ የባሰ ነበር። ያንን የጉሮሮዬን መንቀጥቀጥ ስህተት ነው ብሎ ቀጥ ያደርገዋል። አንድ ቀን ሊያይ የመጣው የመዘምራኑ መሪ ግን ሰምቶ ደስ አለው።

«አሁን ድምፅሽ ጠራ!» አለኝ። «ያ የገጠር ነገር ወጣልሽ።»

«የገጠሩ ነገር እኮ እኔ ነኝ» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እሱ እንደወጣ ማቃኛውን ዘጋሁት።

ያም ሆኖ መሣሪያውን ወደድኩት። በማዳመጫ ራሴን ስሰማ የመጨረሻዎቹን ቃላት ወደ ታች እንደምጥላቸው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ለዓመታት ስዘምር ማንም አልነገረኝም። ከሁሉም የምወደው ድምፅ የሚቀዳውን ክፍል ነበር። በእግሬ እረግጥና አዝማቹን እዘምራለሁ፤ ደግሜ ስረግጥ መልሶ ያሰማኛል፤ በላዩ ሁለተኛውን ድምፅ ራሴ በቅኝቱ እጨምርበታለሁ፤ ከዚያ ሦስተኛውን። ማሽኑ ያበላሸብኝን ራሴ አስተካከልኩት። ማዳመጫውን ለኪቦርድ ተጫዋቹ ሰጠሁት። ሰማ፤ ደግሞ ሰማ።

«ይቺን አታጥፊያት» አለኝ። «ልጆቹ ይለማመዱባታል።»

እኔም ይለማመዱባት ብዬ ተውኳት።

የዚያን ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል አክስቴ ሞተች። አታት ሆስፒታል አስተኝተናት ነበር፤ ተሻላት ተባለና ወደ ቤቷ ወሰድናት፤ እዚያው አረፈች። አክስቴ ኦርቶዶክስ ነበረች። ጴንጤ ሆኜ ስመለስ ከቤቷ ያላባረረችኝ፣ «የትም ብትዘምሪ ድምፅሽ የኔ ነው» ያለችኝ ሴት ናት። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ በክብ ቆመው ነበር። አንዷ ትጀምርና ትሰበራለች፣ ሌላዋ ትጀምርና ይጠፋባታል። ለሰው ሁሉ ያለቀሰችው ሴት የሚያለቅስላት ጠፋ። ከዚያ አንዲት ባልቴት መጥታ እጄን ያዘችኝ። «አንቺ አለሽ አይደል?» አለችኝ በጉራግኛ።

ገባሁ። እንሰትሽን ማን ይፋቀው፣ ደጅሽን ማን ይክፈተው እያልኩ አወረድኩላት። ደረቴን መታሁ። ክቡ ሲመልስልኝ መሬቱ ከእግሬ ሥር የሚነሣ ይመስል ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዘምሬ አላውቅም። ለማንም ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አይደለም፤ ዛሬም አልጠይቅም።

ወልቂጤ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ማን እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። ሰብሳቢው እኔን ያጠመቁኝ ሰው ነበሩ።

«ልጄ፣ ሙሾ አወረደች የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ደረትሽንም መታሽ?»

«መታሁ።»

«ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች?»

«እንዳሳደገችው ልጅ» አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቀነቁ። ሌላው ሽማግሌ በዚያ አፍ እንዴት ተመልሰሽ መድረክ ላይ ትቆሚያለሽ አለኝ። በዚያ አፍ! ቃሉ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ንስሐ እስክገባ ድረስ ከአገልግሎት ታገድኩ። መድረክ የለም፣ ልምምድ የለም፣ የጌታ እራት የለም። የታገደ ሰው ኋላ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው። ማንም ተነሥቶ ሕግ አላወጣም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ኋላ ተቀመጥኩ። የመዘምራን ጓደኞቼ ሰላም ሲሉኝ የታመመ ሰው እንደሚጠይቁ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። እናቴ በየእሑዱ ጎኔ ትቀመጥና «አጥፍቻለሁ ብትያቸው ምን አለበት? አንድ ቃል አይደል?» ትለኛለች። ያ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም። አጥፍቻለሁ ካልኩ አክስቴን ዳግም መቅበሬ ነው።

ዓመታዊው ኮንፈረንስ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ ከቡታጅራ፣ ከሆሳዕና እንግዶች መጡ፤ ከአዲስ አበባ ተጋባዥ ሰባኪ መጣ። ልቀር ነበር፤ እናቴ «ሰው ምን ይላል» ብላ ጎትታ ወሰደችኝ። ጥግ ላይ ተቀመጥን።

መዘምራኑ አዲስ ጋውን ለብሰው ወጡ። በእኔ ቦታ የቆመችው ገና ትምህርቷን ያልጨረሰች ቀጭን ልጅ ነበረች። በኪቦርድ ተጫዋቹ እግር ሥር ኢፌክቱ ይታየኛል። ልጅቷ የመጀመሪያውን ስንኝ ዘመረች። ድምፅዋ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ነው እንጂ ጥሩ ነው። ከዚያ ኪቦርድ ተጫዋቹ እግሩን አነሣና ረገጠ፤ አዝማቹ መጣ።

የኔ ድምፅ ነበር።

መጀመሪያ ላይ የማስበው መስሎኝ ነበር። ሦስቱም ድምፆች፣ እኔ በላይ በላዩ የደራረብኳቸው፣ በትልልቆቹ ስፒከሮች ድንኳኑን ሞሉት። መጨረሻው ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ «እህ» ብዬ የሳብኩት እንኳ አለ። ልጅቷ ማይኩን አፏ ላይ ለጥፋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሕዝቡ እልል አለ። እናቴ ወደ ስፒከሩ አየች፤ ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረች፤ የተዘጋ አፌን ትኩር ብላ አየችው።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እንዴት…?»

ተነሣሁ። በውስጤ ምን እንደነበረ በትክክል መናገር እችላለሁ፤ ምክንያቱም ሳስበው አሁንም እንዳለ ይመጣብኛል። በዚያ አፍ መድረክ ላይ አትቆሚም ያሉኝ ሰዎች፣ አፌን ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው በድምፄ ይገለገላሉ። የጌታን እራት የከለከሉት ድምፅ እኮ ነው! በመሐሉ መተላለፊያ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። አስተናጋጆቹ ግራ ገብቷቸው ሊያቆሙኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ገፋ አድርጌያቸው አለፍኩ። መድረኩ ሥር ስደርስ ወደ ኪቦርድ ተጫዋቹ ቀና ብዬ ጮኽኩ።

«አጥፋው! ድምፄን አጥፉልኝ!»

ሙዚቃው ዋጠው። እሱ ግን አየኝ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እግሩ ቁልፉ ላይ ነበር፤ አላነሣውም። ይልቅ ደግሞ ረገጠው፣ አዝማቹም እንደገና መጣ። ይሄኔ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ንዴት ነው። እኔ ስናደድ አለቅሳለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ።

ተጋባዡ ሰባኪ እንባዬን አየ። ማይኩን እንደያዘ ከመድረክ ወረደ።

«ጌታ አንዲት ነፍስ እየነካ ነው!» አለ።

ድንኳኑ «አሜን!» አለ።

«ለንስሐ አይደለም የመጣሁት» አልኩት። ማይኩ በእሱ አፍ ላይ ነው፤ የሰማኝ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም አልሰማም። ሰፊ እጁን አናቴ ላይ ጫነ። ወደ ኋላ ልል ስል ሁለት እህቶች ከጀርባዬ ደገፉኝ።

«ልቀቁኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ይለቅቃታል!» አለ በማይኩ። «የያዛት መንፈስ ዛሬ ይለቅቃታል!»

«አሜን! አሜን!»

እኔ ልቀቁኝ እላለሁ፣ እሱ ይለቅቃታል ይላል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ ከበላያችን ድምፄ ሦስት ሆኖ ይዘምራል። ተጣልቶ ለማሸነፍ ቢያንስ አንድ የሚሰማህ ሰው ያስፈልጋል። በመጨረሻ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ተንበረከከች አሉ። እልልታው ቀለጠ።

ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። በዚህኛው ቀን ሻይ ቀርቦልኛል። የመዘምራኑ መሪም ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ፊታቸው በርቷል።

«ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ንስሐሽን ሁላችንም አይተናል። እገዳሽ ተነሥቷል።»

«ንስሐ አልገባሁም» አልኳቸው።

«ስታለቅሺ፣ ስትንበረከኪ…»

«ያያችሁት ንዴት ነው። ድምፄን ያለ እኔ ስትጠቀሙበት ሰምቼ ነው።»

ሰብሳቢው ወደ መሪው ዞሩ። «ምን ማለቷ ነው?»

እሳቸው አያውቁም ነበር። መሪው ስለ መሣሪያው፣ ስለ ቀረጻው፣ ስለ ልምምዱ ረጅም ነገር አወራ። ሰብሳቢው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«ቆይ፣ ቆይ። እሑድ የሰማነው የማን ድምፅ ነው?»

«አዝማቹ… የእሷ ነው።»

«ልጅቷስ ምን ስታደርግ ነበር?»

መሪው ወለሉን እያየ «ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር» አለ።

ማንም ሻዩን አልነካም። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። ይቅርታ የሚጠይቁኝ መሰለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን «በል፣ ይሄ ከዚህ ክፍል አይውጣ» አሉ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረው «አንቺም ልጄ፣ ጌታ እገዳሽን ያነሣበትን መንገድ አትመርምሪ፤ ዝም ብለሽ ተቀበይ» አሉኝ።

«ዝም ብዬማ ከርሜያለሁ፤ የዘመረው እኮ ማሽኑ ነው» አልኩና ወጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ፎቶ ቤቱ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ለመታወቂያ ፎቶ የመጣ ሰው እያስተካከለ ነበር። ሲያየኝ ሰውየውን ነገ ና ብሎ ሸኘው።

«እህቴ፣ ስሚኝ…»

«የት አለ?»

ከመጋረጃው ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እሱም እንዳልነካው እፊቱ ቆመ።

«ልጅቷ ከፍታው ላይ አትደርስም» አለኝ። «እንግዳ ሞልቷል። ምን ላድርግ? አዝማቹን ያለ አንቺ የሚይዘው የለም።»

«ታዲያ ለምን አልጠራችሁኝም?»

«ታግደሽ ነበራ!»

እንዲህ ብሎ ራሱ የተናገረውን ሰማ መሰለኝ፣ ቀላ። ቢሆንም አላቆመም። «ለጌታ ነው የዘመርሽው አይደል? ለጌታ ከሆነ ማን ቢጫነው ምን ያናድድሻል?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው የሚጠይቁት፣ በለሰለሰ ድምፅ። ያን ቀን የመለስኩለት የመጀመሪያው የመጣልኝ ነው፤ ዛሬም ሌላ የለኝም።

«ለጌታ ስዘምር እዚያ ነበርኩ» አልኩት። «እሑድ ግን እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ለጌታ ከሆነ፣ ያቺ ልጅ በገዛ ቀጭን ድምፅዋ ትዘምርለት ነበር። እናንተ የዘመራችሁት ለእንግዶቹ ነው።»

ከፊቴ ገለል አደረግኩት። ኢፌክቱን ሰካሁት። የቱን ቁልፍ ይዤ የቱን እንደምጫን አውቃለሁ፤ አብረን ነው ያገኘነው። ማሽኑ በትንሿ መስኮቱ «ቀረጻው ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ። እሱ መጋረጃውን ይዞ ያየኝ ነበር።

«ቀረጻዋ በጣም ታምር ነበር» አለ።

ይሄንን ይቅር ያልኩት ይመስለኛል፤ ከልቡ ነው ያለው። ሌላውን ግን አልቻልኩም።

በሳምንቱ ያቺ ቀጭን ልጅ ቤቴ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ትጠመዝዛለች። ልትወቅሰኝ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ልዘምረው እችል ነበር» አለችኝ። «ዝቅ አድርገን ከጀመርን እችላለሁ ብያቸው ነበር። እነሱ አዝማቹ ሲመጣ ማይኬን ዘጉት። መዝጋታቸውንም አልነገሩኝም፤ እየዘመርኩ ነበር እኮ። ድምፄ የጠፋ መስሎኝ ደነገጥኩ።»

እኔ ከንፈሯን ብቻ የምታንቀሳቅስ መስሎኝ ነበር። መሪውም ለሽማግሌዎቹ ያለው እንደዚያ ነው። ልጅቷ ግን እየዘመረች ነበር! ከራሴ ጉዳይ ይልቅ የእሷ አንገበገበኝ። አስገብቼ አስቀመጥኳት። «እስቲ አሁን ዘምሪው» አልኳት። ዝቅ አድርጋ ጀመረች። ደረሰች። እስከ ከፍታው ድረስ ሙሉውን አዝማች ዘመረችው፤ ያለ ማይክ፣ ያለ ኢኮ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ እጆቿን በመቀነቷ እየጠረገች አዳመጠቻት። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ «አጥፍቻለሁ እንዳትያቸው» አለችኝ።

አላልኩም። ወደ መድረክም አልተመለስኩም። ኋላ ወንበር ላይም አልተቀመጥኩም፤ ፊት ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ የሚያነሣኝ አልተገኘም። መሪው በሚቀጥለው ዓመት ልጅቷን ዋና ዘማሪ አደረጋት፤ በእሱ ሐሳብ እንደሆነ ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይሄም ያናድደኛል።

በኋላ የሥራ ዝውውር አግኝቼ ቡታጅራ ገባሁ። እዚያ በኪራይ አዳራሽ የሚሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ዘምሪልን አሉኝ። ከመስማማቴ በፊት ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሙሾውን፣ ደረት መምታቱን፣ ነገም ሰው ቢሞትብኝ እንደማደርገው። ጉባኤውን የሚመሩት በርበሬ የሚነግዱ ሽማግሌ ነበሩ። 

«እናቴ መስቃን አገር ስትሞት» አሉኝ፣ «እኅቶቼ አልቅስ እንጂ፣ አንድ ቃል በል እንጂ አሉኝ። እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ቆምኩ። አማኝ ነኝ ብዬ። ቀብሬያት ስመለስ እዚህ ጋ» — ደረታቸውን ነኩ — «የቀረ ነገር አለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልወጣልኝም።»

ከዚያ ዘምሪ አሉኝ። የአክስቴን መንቀጥቀጥ ሳልደብቅ ዘመርኩላቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ማንም ንስሐ ገቡ አላለም፤ ማንም እጁን አናታቸው ላይ አልጫነም። እስኪበቃቸው ተውናቸው።